የእንጦጦ ፓርክ ታሪክ ከየት ይጀምራል?



የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ የተከፈተው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ስለ ፓርኩ ሲወራ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ትንሽ ወደኋላ የሚሄድ ሰው ካለም በአንድ ጊዜ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይዘልና መሐሉን ይተወዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የፈለግሁት መሐሉን ነው። መሐሉ መቶ ዓመት ያህል ነው። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ የአንዳንድ አባሎቻችን እናቶችና አያቶች፣ የአንዳንዶቹም የራሳቸው ጉልበት አለበት።

ሙያዬ የሒሳብ ሥራ እንጂ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን አንድ ድርጅት ንብረት ተረክቦ ሥራ ሲጀምር ንብረቱ ከማን እንደመጣና በምን ጉልበት እንደለማ በመዝገብ ይሰፍራል። ፓርኩንም ባየሁት ቁጥር የሚመጣብኝ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ጥላ፣ ያ ሁሉ ዛፍ፣ ያ ሁሉ የእግር መንገድ በማን እጅ ሲያልፍ ቆየ?

ቀበና ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ያያል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ተራራው የውሃ መለያ ነው፤ በደቡብ ፊቱ የዘነበው በቀበናና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሰሜን ፊቱ የዘነበው ደግሞ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይገባል። በአንድ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ወደ እኛ ግቢ፣ ግማሹ ወደ ጎረቤት እንደሚፈስ ማለት ነው። ስለዚህ እንጦጦ ለቀበና ሰው ሩቅ ተራራ አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዙ የሚደፈርሰው፣ በጋ ሲሆን የሚቀጥነው እዚያ ላይ በሚሆነው ነገር ነው።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ከተሙ። ቦታው ለጦር ሰው ይመቻል፤ ዙሪያውን ያሳያል፣ ጠላት በቀላሉ አይወጣውም። ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነው፣ ውሃውም እንደልብ አይገኝም። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከተራራው እየወረዱ ፍልውሃ መታጠብ ጀመሩ። መጀመሪያ ድንኳን ተተከለ፣ ቀጥሎ ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እዚያው ተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። አገር የምታስተዳድር ከተማ የተቆረቆረችው ሰው ከብርድ ሸሽቶ ገላውን ሊታጠብና ሊናፈስ ስለወረደ ነው፤ መርጣ ስም ያወጣችላትም ሴት ናት። መናፈሻ የቅንጦት ነገር ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ከተማዋ ወደ ታች ወርዳ ስትሰፋ ማገዶ ጨረሰች። ጥዱና ወይራው ለቤት፣ ለአጥር፣ ለቤተ መንግሥት ግብር ሲቆረጥ ተራራው ተራቆተ። በኢትዮጵያ ታሪክ የነገሥታት ከተማ ከቦታ ቦታ የሚዛወርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ እንጨት ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል። ለአዲስ አበባም ቀኑ ደርሶባት ነበር። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ፣ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው እንደነበር ይታወቃል። ያ ዕቅድ ቢሳካ ኖሮ ቀበና ዛሬ ምን እንደምትሆን ማሰብ ያስቸግራል።

አዲስ አበባን በቦታዋ ያስቀራት አንድ የውጭ አገር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ እዚህ ተተከለ። ዛፉን ካስመጡት ጋር ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ ፈረንሳዊ የምኒልክ አማካሪ ስም ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሕዝባችን ደግሞ ከባሕር ማዶ ስለመጣ «ባሕር ዛፍ» አለው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለቁርጥ ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን መደረጉም ሰዉ እንዲተክል ገፋፋው። የተራቆተው እንጦጦ እንደገና አረንጓዴ ሆነ፤ የሌጋሲዮኖቹ ግቢዎች፣ የመኳንንቱ ይዞታዎች፣ የቀበና ወንዝ ዳርቻ ሁሉ በባሕር ዛፍ ተሞላ። መሬት ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ተብሎ ዛሬ የሚወቀሰው ዛፍ ያኔ ከተማዋን ከመፍረስ አድኗታል። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ፤ የዚህ ታሪክ ዋናው ክፍል ያለው እዚያ ነው።

የባሕር ዛፍ ማገዶ አንድ ዓይነት አይደለም። ግንድ አለ፣ ፍልጥ አለ፣ ጭራሮ አለ፣ ቅጠል አለ። ወጥ ለመሥራት ፍልጥ ይመረጣል፤ ረጋ ብሎ ይነዳል። እንጀራ ለመጋገር ግን ቅጠልና ጭራሮ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነድና ምጣዱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያሞቀዋል። ልጅ ሆነን እናቶቻችን ሲጋግሩ ቅጠሉን በእፍኝ እየቆነጠርን መማገድ የእኛ ሥራ ነበር። ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሽታው ግን ደስ ይላል። ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘን ያደግንበትን ሽታ እንጦጦ ላይ በገንዘባችን ሄደን እናሸተዋለን።

ያን ቅጠል ማን አመጣው? ግንዱና ፍልጡ በአህያና በመኪና ይመጣ ነበር። ቅጠሉና ጭራሮው ግን በአብዛኛው የሚመጣው በሴት ጀርባ ነው። ሴቶቹ ከለሊቱ ተነስተው ተራራ ይወጣሉ፣ የወደቀውን ይለቅማሉ፣ ቅርንጫፉን ይቆርጣሉ፣ ቅጠሉን ይጠርጋሉ፣ በገመድ ጠፍረው በጀርባቸው ያዝሉታል። ከዚያ በሽሮ ሜዳ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በየካና በኮተቤ በኩል ቁልቁል ይወርዳሉ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ቁመት ይረዝማል፤ በጎንና በጎን ስለሚሰፋም ከኋላ ሲያዩት ሁለት እግር ያበቀለ ጫካ ይመስላል። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ የሚያዩት መሬቱን ብቻ ነው። መኪና ሲመጣ የሚያውቁት በድምፁ ነው።

በሠፈራችን በር ላይ ቆመው «ቅጠል የሚገዛ!» ሲሉ አስታውሳለሁ። እናቴ «ስንት ትያለሽ የኔ ልጅ?» ትላለች፤ ዕድሜዋ ገፋ ካለ ደግሞ «ስንት ይላሉ እማማ?» ትላለች። ክርክሩ በሳንቲም ነው። ሴትየዋ ሸክሙን ካወረደች ዋጋው ባይስማማትም መልሳ ማንሳት ይከብዳታል፤ ገዢዋም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ብልህ ሻጭ ዋጋ ሳትቆርጥ ሸክሟን አታወርድም፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ትደራደራለች። የገበያ ትምህርት በኮሌጅ ስማር ስለ መደራደር አቅም አስተማሪያችን ሲያብራራልን በሐሳቤ የመጣችው ግድግዳ የተደገፈችው ሴት ነበረች።

የእነዚህ ሴቶች ነገር በጥናት መታየት የጀመረው በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ባለበት በተካሄዱ ጥናቶች ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች ኑሯቸውን በማገዶ ሸክም ላይ እንደመሠረቱና ከተማው ከሚያነድደው እንጨት አንድ ሦስተኛ ያህሉን እንደሚያቀርቡ ተገለጸ። አማካይ ሸክማቸው ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ነበር፤ መንገዱም ከአሥር ኪሎ ሜትር ያላነሰ። እስቲ ልማዴ ነውና ላስላው። አሥር ሺህ ሴት በአንድ ቀን 35 ኪሎ ብቻ ይዛ ብትወርድ 350,000 ኪሎ ግራም ወይም 3,500 ኩንታል ይሆናል። መቶ ኩንታል የሚጭን የጭነት መኪና 35 ጊዜ ሞልቶ መውረድ አለበት ማለት ነው። እነዚያ 35 መኪናዎች ቢኖሩ ኖሮ ባለንብረት፣ ሾፌር፣ ነዳጅ፣ ጎማ፣ የታርጋ ቁጥርና ግብር ይኖራቸው ነበር፤ በአንድ የመንግሥት መዝገብም ይገኙ ነበር። በጀርባ የተጫነው ጭነት ግን በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ወገብ መጉበጥ፣ የደረት ሕመም፣ ነፍሰ ጡር ሆኖ ተሸክሞ ማስወረድ፣ ገደል መውደቅ፣ እግር መሰበር የሥራው ደሞዝ ነበሩ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከሰው የሚመጣው ነው። መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ በኋላ ደኑም የመንግሥት ሆነ፤ ቀድሞ በባለርስት ዘበኛ ይጠበቅ የነበረው በመንግሥት የደን ጠባቂ ይጠበቅ ጀመር። ቅርንጫፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ቅጠል መጥረግ አንዳንዴ ይፈቀዳል፣ አንዳንዴ አይፈቀድም። ሴቶቹ ለጠባቂ ሳንቲም ይሰጣሉ፤ ያልሰጠች ገመዷንና መቁረጫዋን ትቀማለች፣ ትገረፋለች፣ ሸክሟ ኬላ ላይ ይወረሳል። በደን ውስጥ የተደፈሩም አሉ። ይህ በጥናቶቹ ውስጥ ተጽፏል፤ በእኛም ማኅበር ውስጥ ጮክ ብለው ባይናገሩትም የሚያውቁት አሉ። ለዚህ ነው በቡድን በቡድን ሆነው የሚወጡት፤ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ስለ ደን ጭፍጨፋ ሲነገር ደግሞ ጣት የሚቀሰረው በእነሱ ላይ ነበር። እንጦጦን የሚያራቁቱት እንጨት ለቃሚዎች ናቸው ይባላል። በበኩሌ ይህን ክስ ሳልመረምር አልቀበለውም። ባለመኪናው ግንዱን ነው የሚወስደው፤ ለቃሚዋ አብዛኛውን ጊዜ የወደቀውን ነው። ጥፋት የለባቸውም አልልም፤ ቅጠሉ ተጠርጎ ሲወሰድ አፈሩ ራቁቱን ይቀርና በክረምት ዶፍ ይታጠባል፣ የእኛም ወንዝ የሚደፈርሰው በከፊል ለዚህ ነው። ግን ቅጠሉ የነደደው በማን ምጣድ ሥር ነው? በአራት ኪሎ፣ በቀበና፣ በግንፍሌ ምጣድ ሥር ነው። የበላነው እኛ፣ የተከሰሱት እነሱ።

ከእነዚያ ጥናቶች በኋላ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በረዳው ፕሮጀክት ሴቶቹ ሌላ ሙያ እንዲማሩ ተሞከረ። በ1980ዎቹ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመና በእንጦጦ ግርጌ ሽመና ጀመሩ። ይህን በችኮላ ማለፍ አልፈልግም። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ አገር ነው፤ ነገር ግን መወርወሪያውን የያዘው ወንድ ነው። እነዚህ ሴቶች ከሸማ ዕቃው ፊት ሲቀመጡ የሰው ሥራ እንደቀሙ ተደርገው የታዩበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ሲያልፉ የሚሸጠው የአንገት ልብስና ነጠላ የእነሱ እጅ ያለበት ነው። ጎብኚዎች ከተራራው ሲወርዱ ጎራ ብለው ይገዛሉ። እንደኛ ላለ ማኅበር ከሁሉ በላይ ትምህርት የሆነኝ ግን ሌላ ነው። ሙያ ተምሮ እንኳ ወደ ሸክም መመለስ ነበር፤ ምክንያቱም ሽመና ገንዘብ የሚያመጣው ተሸምኖ፣ ተሸጦ ነው፣ ቅጠል ግን በዕለቱ ማታ እንጀራ ይሆናል። በመሐል ያለውን ሳምንት የሚያሻግር ቁጠባ ከሌለ ሥልጠና ብቻውን ሰው አያወጣም። ደጋፊዎቻችን ለሥልጠና ብቻ ሳይሆን ለተዘዋዋሪ ብድሩም ገንዘብ እንዲሰጡን ስንለምን የቆየነው ለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን ደግሞ ስለ ደኑ ሌላ ሐሳብ መጣ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ 1,300 ሄክታር ያህል መሬት ተረክቦ የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ብሎ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ መተካት ጀመረ፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ። እንግዲህ «ፓርክ» የሚለው ቃል ለእንጦጦ የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. አይደለም። የመጀመሪያው ፓርክ ዚፕላይን አልነበረውም፣ ቡና ቤት አልነበረውም፤ ችግኝና ጠባቂ ነበረው። አሁን ጥላ ሆነው የምናርፍባቸው አንዳንዶቹ ዛፎች ያኔ የተተከሉ ናቸው።

ሰው እንጦጦ ወጥቶ መናፈስ የጀመረውም ያኔ አይደለም። ለእንጦጦ ማርያም፣ ለራጉኤል፣ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ የሚወጣው ሕዝብ ዕለቱን እዚያው ውሎ፣ ዳቦውን ቆርሶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይመለሳል። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ቁልቁል የሚወርደውን ነጠላ ያየ ሰው ትልቅ የሽርሽር ቀን እንደሆነ ያውቃል፤ መንፈሳዊ መሆኑ ሽርሽርነቱን አያስቀረውም። ለጸበል የሚወጣ በሽተኛ፣ ቤተ መንግሥቱንና ሙዚየሙን ለማየት የሚወጣ ተማሪ፣ ሌሊት ለልምምድ የሚወጣ ሯጭ ሁሉ በዚያው መንገድ ነው የሚገናኙት። ወደላይ የሚሮጠው አትሌትና ወደታች የምትወርደው ባለ ሸክም በጠባቡ መንገድ ሲተላለፉ ጠርዝ የምትይዘው ሁልጊዜ ባለ ሸክሟ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። መንገዱ ተነጠፈ፤ የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ ዚፕላይን፣ የቀስት ውርወራ፣ ትንንሽ የውድድር መኪና፣ ምግብ ቤትና ቡና ቤት ተሠራ። ሥራው በወራት ውስጥ ነው የተጠናቀቀው፤ ያውም በኮሮና ወቅት። የተራራውን አየር ለሳንባ መድኃኒት ነው ስንል ኖረን አሁን ልጆቻችንን ይዘን በደህና መንገድ መውጣት መቻላችን ትልቅ ነገር ነው። ፓርኩን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ባገኘሁት አጋጣሚ እወጣለሁ። አንዲት ሴት ብቻዋን እንጦጦ ደን ውስጥ ስትራመድ ሳትፈራ መሄድ መቻሏ ያለፈውን ለሚያውቅ ሰው እንዴት ያለ ለውጥ እንደሆነ መናገር ያቅተኛል።

እንዲህ ያሉ ቦታዎች በሌላው ዓለም እንዴት እንደቆዩ ለማወቅ ጥቂት አንብቤ ነበር። ሁለቱን ላካፍላችሁ። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን መሐል ቲቮሊ የሚባል የመዝናኛ ሥፍራ አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። በግቢው ውስጥ ሐይቅ አለ። ሐይቁ የቀድሞው የከተማ መከላከያ ቦይ ቅሪት ነው፤ ጠላት እንዳይሻገር የተቆፈረው ውሃ አሁን ልጆች ዳር ዳሩን የሚሮጡበት ሆኗል። በአሜሪካ ኮነቲከት በተባለው ክፍለ ግዛት ደግሞ ሌክ ኮምፓውንስ የሚባል በሐይቅ ዳር የተመሠረተ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1846 ጀምሮ ሳያቋርጥ በመሥራት በአገሩ ቀዳሚ ነው ይባላል። አጀማመሩ ያስቃል። በሐይቁ ላይ አንድ የሳይንስ ሙከራ ይታያል ተብሎ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ሙከራው አልሠራም። የመሬቱ ባለቤት ጋድ ኖርተን ግን የሕዝቡን ብዛት አይቶ መቀመጫና የምግብ ጠረጴዛ አስቀመጠ፣ በሐይቁ ዙሪያ መንገድ ጠረገ፣ የመቅዘፊያ ጀልባ አዘጋጀ። ማሽኖቹ የመጡት ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ቤተሰቡና ሸሪኮቹ ከመቶ ዓመት በላይ ያዙት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትልልቅ ኩባንያዎች ሲቀባበሉት ግን ሊዘጋ ደርሶ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚከፈትበት ጊዜ መጣ። በኋላ ሌላ ባለሙያ ኩባንያ ገዝቶት ነው ያገገመው።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ የሒሳብ ሰው ሆኜ፣ የመዝናኛ ሥፍራ ዋናው ወጪ የመሥሪያው ሳይሆን የመንከባከቢያው መሆኑን ነው። የዚፕላይን ገመድ ይመረመራል፣ ይለወጣል፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ጠረጴዛና መንገድ ግን በአገር እጅ ይጠገናል። ዳቦና ሻይ በፌስታል ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ካልመጣ በዓመት አንዴ የሚመጣ ባለ ገንዘብ ብቻውን ቦታውን አያቆየውም። እንጦጦ ዘጠና ዓመትና መቶ ዓመት እንዲቆይ ከተፈለገ የቀበናና የሽሮ ሜዳ ሰው ሳይሳቀቅ የሚገባበት መሆን አለበት። የሴቶቹም ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ፓርኩ ሲከለል የቅጠሉ መንገድ ተዘጋ። ሸክም መቅረቱን የሚጠላ የለም፤ ችግሩ ሸክሙ ቀርቶ እንጀራውም አብሮ እንዳይቀር ነው። የከተማው አስተዳደር ለእንጦጦ እንጨት ለቃሚ እናቶች የእንጀራ መጋገሪያ ማዕከል ከፍቶ ብዙዎች ሥራ አግኝተዋል። ለሰው ምጣድ ቅጠል ሲያቀርቡ የኖሩ ሴቶች ዛሬ በኤሌክትሪክ ምጣድ ፊት ቆመው ለከተማው ይጋግራሉ። በፓርኩ ውስጥም በጽዳት፣ በአትክልት እንክብካቤና በመስተንግዶ የተቀጠሩ አሉ። ሁሉም ግን አልተዳረሰም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወገባቸው የተጎዳ፣ መታወቂያቸው የሌላ ወረዳ ወይም ከከተማው ወሰን ውጭ የሆነ፣ መመዝገቢያው ሲለጠፍ ማንበብ ያልቻሉ ቀርተዋል። ከእነሱ ጥቂቶቹ ወደ እኛ መጥተው ቁጠባ ጀምረዋል። አንዷ እናታችን መዝገብ ላይ ሥራዋ ምን እንደነበር ስጠይቃት «ሥራ አልነበረኝም፣ እንጨት ነበር የምሸከመው» አለችኝ። በቅጹ ላይ «ሥራ» በሚለው ሣጥን ውስጥ «የማገዶ አቅራቢ» ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ፣ አነበብኩላት፣ ደግማ አስነበበችኝ።

በዚህ ምክንያት ሥራ አመራር ኮሚቴያችን አንድ ነገር ተስማምቷል። በእንጦጦ ላይ እንጨት የተሸከሙ አባላት ያስታወሱትን በደብተር እናሰፍራለን፦ የትኛውን ዳገት ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር፣ የት ላይ አርፈው ውሃ ይጠጡ እንደነበር፣ ኬላው የት እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት አንድ ሸክም ስንት ይሸጥ እንደነበር፣ ሸክሙን ያስታቀፏቸው ማን እንደነበሩ። የሰው ስም የማይነሳበትንና ባለቤቷ እንዲቀር የምትፈልገውን አንጽፍም። ለፓርኩ አስተዳደር በቅጂ ለመስጠትም አስበናል፤ የእግር መንገዶቹ ስም የሚወጣላቸው ከሆነ ሴቶቹ ይጠሯቸው የነበሩት ስሞች ዝግጁ ሆነው ይጠብቋቸዋል።

ደብተሩ በቢሮአችን ከቁጠባ መዝገቡ ጎን ተቀምጧል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ የቁጠባ ገቢ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ለመጻፍ የምንቀመጠው ሦስት ነን። መጻፍ የማትችል አባል ትናገር፣ እኛ እንጽፋለን። እናቷ ወይም አያቷ ተሸካሚ የነበሩባትም ትምጣ፤ እናቶች መውጣት ካልቻሉ ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን።